ከአኳሪየም ሱቅ ጓዳ የወጣ ወሬ

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራችሁ፤ አለቃዬ ሒሳብ መቀበያው ጋ ቆሟል። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ አንድ የዓሣ መሸጫ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ውሃ የምቀይረውና የመጣ ከረጢት የምፈታው እኔ ነኝ። ቀያዮቹን ሽሪምፖች አይታችሁ ከወደዳችኋቸው፣ ቦርሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ትንሽ ስሙኝ።

ሽሪምፕ ከበሽታ ይልቅ በባለቤቱ ችኮላ ይሞታል። የመስታወት ገንዳውን፣ ማጣሪያውን፣ ጠጠሩንና ሽሪምፑን በአንድ ቀን አሸክሞ የሚሸኛችሁ ሻጭ፣ ብዙም ሳትቆዩ ሌላ ልትገዙ እንደምትመለሱ ያውቃል። አዲስ ውሃ ጥርት ብሎ ያታልላል እንጂ ገና ለኑሮ አልበቃም። ከሽሪምፖቹ ቆሻሻና ከምግብ ትራፊ የሚመነጨው አሞኒያ መርዝ ነው። እሱን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ደግሞ ሽሪምፕ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚለቅመው ድንጋይና ቅጠል ላይ የሚወጣውን የሚያሟልጭ ስስ ሽፋን ነው፤ አዲስ ገንዳ ላይ ይህ የለም። ስለዚህ ገንዳውን ዛሬ፣ ሽሪምፑን ከወር ተኩል በኋላ ግዙ። ይህን ደንበኛ ፊት ብናገር ሥራዬን እንጃ።

ወደ ቀለሙ ልምጣ። ቼሪ የምንለው ሽሪምፕ ምሥራቅ እስያ ጅረት ውስጥ ሲኖር ቡናማ ቢጤ ነው፤ ቀይ ያደረጉት አርቢዎች ናቸው፣ በየትውልዱ ቀላ ያለውን እየመረጡ። ሰማያዊውና ቢጫውም ያው አንድ ዘር ነው፤ ቀላቅላችሁ ካኖራችኋቸው ልጆቹ እያደር ወደ ቡናማው ይመለሳሉ። ሳኩራ፣ ፋየር ሬድ የሚባለው ማዕረግ ላይ ማኅተም የሚመታ አካል የለም፤ ስሙን የሚለጥፈው ሻጩ ነው። እኛም ሥራችንን እናውቃለን፦ ጥቁር ጠጠር እናነጥፋለን፤ ሽሪምፕ ከሥሩ ያለው ሲጠቁር ቀለሙን ያደምቃል። ቤታችሁ ወስዳችሁ ነጭ አሸዋ ላይ ስትለቁት ይገረጣል፣ «ሌላ ሰጡኝ» ብላችሁ ትቆጣላችሁ። በጣም የደመቁት አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ ሴቶች ናቸው፤ ወንዱ አነስ ያለና ፈዘዝ ያለ ነው። የዚህ እንስሳ ዕድሜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ትልቅና ደማቁን ብቻ ለቅሞ የሚሄድ ደንበኛ አሮጊቶችን ያለ ባል ገዝቶ ሄደ ማለት ነው።

ውሃን በተመለከተ «አንድ ሌሊት አሳድረው፣ ክሎሪኑ ይተናል» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ለክሎሪን እውነት ነው። የዲሲና የአርሊንግተን የቧንቧ ውሃ ግን አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ እሱ በማሳደር አይለቅም። በየጸደዩ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ መስመሩን ለማጽዳት ወደ ክሎሪን ይመለሳሉ። ስለዚህ የውሃ ማከሚያ ስትገዙ ክሎራሚንን እንደሚያፈርስ፣ ሲያፈርሰውም የሚለቀቀውን አሞኒያ እንደሚይዝ ጠርሙሱ ላይ አንብቡ። ርካሹ ጠርሙስ ሁለተኛውን ላያደርገው ይችላል።

ሽሪምፕ የሚያድገው ቅርፊቱን እየጣለ ነው። ባዶውን ቅርፊት አይቶ «ሞተብኝ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ አለ፤ አንገቱን ነቅንቆ አዝኖለት ሌላ የሚሸጥለትም አለ። ቅርፊቱን አታውጡት፣ ራሳቸው ይበሉታል፤ ማዕድኑም ይጠቅማቸዋል። የሚጎዳቸው ከልክ ያለፈ መንከባከብ ነው። ግማሹን ውሃ በአንዴ ስትለውጡ ያለ ጊዜው ቅርፊት ወደ መጣል ይገባሉ፤ ጭንቅላቱና ጀርባው መካከል ነጭ ቀለበት የወጣበት ሽሪምፕ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። በሳምንት ከ10 በመቶ ባይበልጥ፣ እሱንም ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ።

የሚገርመው ደማቸው ኦክሲጅን የሚሸከመው በመዳብ ነው፤ ውሃው ውስጥ የገባ መዳብ ግን ይፈጃቸዋል። ለዓሣ ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ መዳብ አለባቸው። ከዚያ የባሰው እንደ አበባ የምትገዙት ለምለም የውሃ ተክል ነው፤ ከውጭ ሲገባ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል፣ ዓሣው ምንም ሳይሆን ሽሪምፑ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ላብራቶሪ ውስጥ በቅሎ በትንሽ ኩባያ የታሸገውን ምረጡ።

ምግብ? ውድ ውዱን ተዉት። ቀቀል አድርጋችሁ ያቀዘቀዛችሁት የቆስጣ ቁራጭ ይበቃል፤ የተረፈውን በማግስቱ አውጡ። (እንግዳ ሲመጣ «ይኼ ነገር ይበላል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም፤ መልሱን ለናንተ ትቻለሁ።)

አማኖ የሚባለውም አለ፤ ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ አልጌ እንዲበላለት ገንዳው ውስጥ አስገብቶ ዝነኛ ያደረገው። አልጌ በመብላት ከቼሪ ይበልጣል። እጮቹ ግን ለማደግ ጨዋማ ውሃ ስለሚፈልጉ ቤት ውስጥ መራባቱን እርሱት። «ይራባል» የሚላችሁ ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። የቼሪ እናት ግን ከ20 እስከ 30 እንቁላል ሆዷ ሥር ይዛ ወር ገደማ ትቆይና፣ መልካቸው እሷኑ የሚመስል ጥቃቅን ሽሪምፖች ትፈለፍላለች።

ስትመጡ እንግዲህ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከመጡ ስንት ቀናቸው ነው? የገንዳው ውሃ ጥንካሬ (የማዕድኑ መጠን) እና ሙቀት ስንት ነው? የመንገድ ድካም የሚገድላቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሆነ፣ ሁለት ሳምንት ያልሞላቸውን አትንኩ። ከዚያ ደማቆቹን ትታችሁ ከትንንሾቹ አሥር ያህል ይቀዳላችሁ። ሻጩ መልስ ካጣ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ሳትገዙ ውጡ።