ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሕንድ ባቡር

በተማሪነት ዘመናችን ሃይደራባድ ሳለን ረጅሙን መንገድ ሁሉ የምንጓዘው በባቡር ነበር። አውሮፕላኑ ለባለጸጋ፣ አውቶቡሱ ደግሞ የወገብ ጠላት ነበርና። አገራችን ከገባን ሠላሳ ዓመት አለፈን። እ.ኤ.አ. በ2023 ልጃችን በዚያው ከተማ የትምህርት ዕድል ስታገኝ፣ ከእናቷ ጋር ልናደርሳት ተነሣንና ከሙምባይ የሌሊቱን ባቡር ያዝን።

የተሳፈርንበት ጣቢያ በኛ ጊዜ ቪክቶሪያ ተርሚነስ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ስሙ ተለውጦ ዛሬ የሚጠራው በማራታው ንጉሥ በሺቫጂ ነው። የሕንድ የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር እ.ኤ.አ. በ1853 ወደ ታኔ 34 ኪሎ ሜትር የተጓዘውም ከዚሁ አካባቢ ተነሥቶ ነው። ሕንፃው ያው ነው። ትኬቱ ግን ተለውጧል። ያኔ በሌሊት ተሰልፈን እንቆርጥ፣ በመነሻው ዕለትም ፉርጎው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ስማችንን በጣታችን እየተከተልን እንፈልግ ነበር። ዛሬ ልጃችን ሁሉን ነገር በስልኳ ጨረሰችው።

የአልጋው ጥበት ግን እንደ ድሮው ነው። ትኬት የቆረጠ ሁሉ አልጋ አያገኝም። በመተላለፊያው በኩል ያለችው የታች አልጋ ለሁለት ሰው መቀመጫ ሆና ትሰጣለች፤ የቀረ መንገደኛ ሲኖር ተቆጣጣሪው ለተረኛው አልጋ ይሰጠዋል። ለእናትና ልጅ አልጋ ሲደርሳቸው፣ እኛ ከአንድ አዛውንት ጋር ግማሽ አልጋ ደረሰን።

አዛውንቱ ከሐበሻ ምድር መምጣታችንን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ሃይደራባድ ውስጥ ሐብሲጉዳ የሚባል ሠፈር አለ፤ ስሙ ከሐበሾች የመጣ ነው ይባላል። ለኒዛሙ በፈረሰኛነት ያገለገሉት የአፍሪካ ተወላጆች ዘሮችም ዛሬ ድረስ በከተማይቱ ይኖራሉ። በተሰባበረች ኡርዱአችን ይህን ስናወራ ቆይተን አዛውንቱ ተደራራቢውን የምግብ ሣህናቸውን ፈቱ። ቂጣና የባሚያ ወጥ ነበር። ከሁሉ አስቀድመው የዘረጉት ለልጃችን ነው።

እናቷ በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንዳትቀምሺ!» አለቻት።

አልፈረድንባትም። በምግብና በሻይ ማደንዘዣ እየሰጡ መንገደኛ የሚዘርፉ ስላሉ፣ ከማያውቁት ሰው ምንም እንዳይቀበሉ የባቡር መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያስጠነቅቃል። ልጅቷም ነገ ብቻዋን ተጓዥ ናት። በሌላ በኩል ግን፣ እኛ በተማሪነታችን ገንዘብ ባጠረን ጊዜ በዚህ መስመር የበላነው እንዲህ ያለውን የእንግዳ ሰው ማዕድ ነበር። አትክልት ብቻ ስለነበረም የሥጋው ጉዳይ አያሳስበንም ነበር። ልጃችን አንዴ እኛን፣ አንዴ እናቷን ታያለች።

አዛውንቱ አማርኛ አያውቁም፤ ነገሩ ግን ገባቸው። ከቂጣው ቆርሰው ከወጡ አጥቅሰው መጀመሪያ ራሳቸው ጎረሱ፤ ከዚያም ሣህኑን እንደገና አቀረቡ። እናትየው አፈረች። ቦርሳዋን ከፍታ ከቤት ያመጣነውን ጭኮ አወጣችና አሁን ደግሞ ቀድማ የቀመሰችው እርሷ ሆነች። ሁላችንም ሳቅን፤ በላንም።

ሌሊቱን አንዳችን ስንተኛ ሌላችን እግራችንን አጥፈን እየተቀመጥን፣ በፈረቃ አሳለፍነው። የሱብሒን ሶላት በፉርጎው ጫፍ በተራ ሰገድን። አዛውንቱ ዋዲ መገናኛ ጣቢያ ላይ ወረዱ። ሻይ ሻጮቹ «ቻይ! ቻይ!» እያሉ ሲገቡ ልጃችን ሦስት ገዛች፤ ቃሉ ከኛው ሻይ ብዙ ስለማይርቅ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

ልንለያት ስንል እናቷ ምክሯን ደረደረችላት፦ ሴቶች ባሉበት ተቀመጪ፤ ቦርሳሽን ከአልጋው እግር ጋር በሰንሰለት እሰሪ፤ የባቡሩን የእርዳታ ስልክ 139ን አትርሺ፤ ከማንም አትብዪ።

ከሁለት ወር በኋላ ባቡር ላይ ሆና ደወለች። እናቷ የጠየቀቻት የመጀመሪያ ነገር «ምን በላሽ?» የሚል ነበር።

«ኪያር፣ እማ» አለች፣ ትንሽ ዝም ብላ። «አንዲት እናት ልጣጩን ፊቴ ልጠው ሰጡኝ።»

«ቀድመው ቀመሱልሽ?»

«እኔ ነኝ የቀመስኩላቸው።»