ታማሚው ሲከሳ ደሙ ምን ይላል?

ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም ሰው ከበሽታው ሌላ ምግብ በማጣትም እንደሚጎዳ ጎልቶ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ቻርለስ ባተርወርዝ ታማሚ ሳይመዘን የሚሰነብትበትን፣ ለምርመራ እየተባለ ምግብ የሚከለከልበትን አሠራር በጽሑፍ አጋለጡ። ከዚያ ወዲህ ክሳትን በደም ምርመራ የማወቅ ፍላጎት አልበረደም። ቁጥር ለሐኪም ይመቻላ! ከሌላው ውጤት ጋር በአንድ ወረቀት ይመጣል።

ሐሳቡ መሠረት አለው። በደም ምርመራ የሚለካው ኢንዛይም ፕሮቲን ስለሆነ ሰውነት ምግብ ሲያጣ ምርቱ ሊቀንስ ይችላል። ኳሺዮርኮር የተባለው ከባድ የምግብ እጥረት በያዛቸው ሕፃናት ደም ውስጥ ከቆሽት የሚመነጩት አሚሌዝና ላይፔዝ ዝቅ ይላሉ። ጉበት የሚያመርተው ኮሊንኤስትሬዝም እንዲሁ። አልካላይን ፎስፋቴዝ ደግሞ ያለ ዚንክ አይሠራምና ዚንክ ሲጎድል ይቀንሳል።

ግን ታማሚ ሰው የተራበ ብቻ አይደለም። ኮሊንኤስትሬዝ በጉበት በሽታም፣ ፀረ ተባይ ሲረጭ በዋለ ገበሬ ደም ውስጥም ይወርዳል። የሐሞት ቱቦ ከተዘጋ አልካላይን ፎስፋቴዝ ይንርና የዚንኩን እጥረት ይሸፍነዋል። የጉበት ኢንዛይም የሆነው ኤስጂፒቲ የባሰ ነው። ቫይታሚን ቢ6 ሲጎድል ይወርዳል፤ ክሳቱ ጠንቶ ጉበትን ሲጎዳ ደግሞ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ሁላችንም የምንፈልገው ከፍ ማለቱን ስለሆነ፣ ዝቅ ያለው ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል።

ኢንዛይም ባይሆንም ለዓመታት የክሳት መለኪያ ሆኖ የኖረው የደም ፕሮቲን አልቡሚንም ዕጣው ይኸው ነው። ኢንፌክሽን ወይም ቁስለት ሲኖር አልቡሚን ከደም ሥር ያፈተልካል፤ ጉበትም ፊቱን ወደ ሌሎች ፕሮቲኖች ያዞራል። ታማሚው በደንብ እየበላም ቢሆን ቁጥሩ ይወርዳል። የአሜሪካ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ባለሙያዎች ማኅበር አስፔን እ.ኤ.አ. በ2020 አልቡሚን የብግነት ምልክት እንጂ የምግብ እጥረት መለኪያ እንዳልሆነ በይፋ አሳወቀ።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣቶች ፈቅደው በተራቡበት ጥናት፣ ሰዎቹ የክብደታቸውን ሩብ ያህል ሲያጡ የደም ፕሮቲናቸው የቀነሰው በመጠኑ ነበር። የጉሮሮ ቱቦ ካንሰር በሚበዛባቸው በአርሲና በባሌ ይህን ማሰብ ይገባል። እንጀራው አልወርድ ብሎት ከወራት በኋላ ወተት ብቻ የሚጠጣ ሰው ሲመጣ፣ አልቡሚኑ ደህና ነው ተብሎ ቀዶ ሕክምና ቢቀጠርለት ሰውነቱ ላይችለው ይችላል።

የእሱን ረሃብ የሚያውቀው አስታማሚው ነው። ስንት ጉርሻ እንደበላ፣ ቀበቶው ስንት ቀዳዳ እንደገባ ይናገራል፤ የሚጠይቀው ካገኘ። በ6 ወር ውስጥ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ ያጣ ታማሚ ክትትል ያስፈልገዋል። ይህን ለማወቅ የሚበቃው ሚዛን ነው። ለሕፃናት የክንድ መለኪያው ጥብጣብ አለ፤ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ቀዩ የአደጋ ክልል ላይ ያርፋል። እግር በአውራ ጣት ተጭኖ ሲሰረጉድ ደግሞ እብጠቱ ይታያል።

ደሙ የግድ የሚያስፈልገው ማብላት ሲጀመር ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ከተመገበ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ከደሙ በፍጥነት ይወርዱና ልቡ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠዋል፣ ምግቡ በጥቂቱ ይጀመራል፣ ደሙም በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየዕለቱ ይታያል።