በስድስት ድምፅ መሸነፍ

ለጥቂት ደቂቃ እርስዎ እጩ ነዎት እንበል። ለወራት ቤት ለቤት ዞረዋል፤ ፎቶዎ በየግድግዳው ተለጥፏል፤ የልጆቹ የቤት ሥራና የቤቱ ጣጣ ሁሉ በትዳር አጋርዎ ትከሻ ላይ ወድቋል። ምርጫው ተካሂዶ ሲነጋ “እየመሩ ነው” ተባሉ። ከቀናት በኋላ “ይቅርታ፣ ተቀድመዋል” ተባሉ። ቀጥሎ ደግሞ እንደገና መሪ ሆኑ። በመጨረሻ ከ390 ሺህ በላይ ድምፅ ተቆጥሮ ከተፎካካሪዎ ጋር የለያያችሁ ስድስት ድምፅ ብቻ መሆኑ ተነገረዎት። ያን ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል?

ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ሁለት ሴቶች ለኮንግረስ አንድ ወንበር ተወዳደሩ። ማሪያኔት ሚለር-ሚክስ የዓይን ሐኪምና በጦር ሠራዊት ያገለገሉ ናቸው፤ ለዚያው ወንበር ቀደም ሲል ሦስት ጊዜ ተወዳድረው ሦስቱንም ጊዜ ተሸንፈዋል። ሪታ ሃርት ደግሞ በመምህርነት የሠሩ፣ በእርሻ የሚተዳደር ቤተሰብ ያላቸውና የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል የነበሩ ናቸው።

መጀመሪያ ሚለር-ሚክስ በ282 ድምፅ መሩ። በአንድ አውራጃ የድምር ስህተት ተገኝቶ ሲታረም ሃርት በ162 ቀደሙ። በሌላ አውራጃ ያልተደመረ ድምፅ ሲገኝ መሪነቱ ወደ ሚለር-ሚክስ ተመለሰ። በምርጫ ክልሉ ባሉት 24 አውራጃዎች ሁሉ ድጋሚ ቆጠራ ተካሄደ። ኅዳር 21 ቀን የጸደቀው ውጤት 196,964 ለ196,958 ነበር።

ስድስት ሰው ስንት ነው?

ጎርጎራን የሚያውቁ አንባቢያን ይህን ቁጥር በቀላሉ በዓይነ ህሊናቸው ይሥሉታል። ስድስት ሰው ማለት ከጎርጎራ ተነስታ ወደ ማንዳባ መድኃኔ ዓለም የምትሻገር አንዲት ትንሽ ጀልባ የምትይዘው ሰው ነው። አሸናፊዋን ከመረጡት መካከል ይህችን ጀልባ የሚሞላ ሰው ያን ቀን ቤቱ ቢቀር ኖሮ ሁለቱ ሴቶች እኩል ይሆኑ ነበር።

እኩል ቢሆኑስ? ይህም ደርሶ ታይቷል። በቨርጂኒያ ግዛት ለምክር ቤት የተወዳደሩት ዴቪድ ያንሲና ሼሊ ሳይመንድስ እያንዳንዳቸው 11,608 ድምፅ አገኙ። በድጋሚ ቆጠራ ሳይመንድስ በአንድ ድምፅ አሸነፉ ተብሎ ነበር። በማግስቱ ግን ዳኞች አወዛጋቢ የነበረች አንዲት የድምፅ መስጫ ወረቀት ለያንሲ እንድትቆጠር ወሰኑ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2010 ዓ.ም. የሁለቱ ስም ተጽፎ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገባና ልክ እንደ እቁብ ዕጣ ወጣ። ለያንሲ ደረሰ።

ሳይመንድስ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ተመልሰው ተወዳደሩ፤ ያንኑ ተፎካካሪያቸውን ዕጣ በማያስፈልገው ልዩነት አሸነፉ።

ሁለተኛ ለወጣ ምን ይደርሰዋል?

እኔ በምሠራበት በማርኬቲንግ ዓለም ሁለተኛ የወጣ ምርትም የራሱ የገበያ ድርሻ አለው፤ ባለቤቱ ከስሮ አይገባም። በእኛ አገር የምርጫ ሥርዓት ግን ለሁለተኛ የሚቆረስ ድርሻ የለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። በአሥር ሺህ ቢበልጥም በአንድ ድምፅ ቢበልጥም ወንበሩ ያው አንድ ነው። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547ቱ መቀመጫዎች ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ እጅ የወጡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ ሌላው የግል ተወዳዳሪው ዶ/ር አሸብር ወልደጊዮርጊስ። በየቦታው ሌሎችን የመረጠ ሰው ነበር፤ ድምፁ ግን ወደ ወንበር አልተለወጠም።

ስለዚህ እጩው በጠባብ ልዩነት ሲሸነፍ የሚያመው “ትንሽ ቀረኝ” የሚለው ሐሳብ ነው። ያችን መንደር አንድ ቀን ባድርባት ኖሮ፤ ለዚያ ሰው ስልክ ብደውልለት ኖሮ… ይህን ቁጭት እጩው ብቻውን አይሸከመውም፤ እራት ላይ አብረውት የሚቀመጡት ሁሉ ይካፈሉታል።

መቀበል የሚቻለው መቼ ነው?

ሃርት ያልተቆጠሩ 22 ሕጋዊ ድምፆች አሉ ብለው ለኮንግረስ አቤት አሉ። ምክር ቤቱን የሚመራው የራሳቸው ፓርቲ ነበር። ሆኖም መጋቢት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. አቤቱታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው አነሱ።

ወደ አፍሪካ እንምጣ። በጋና የ2001 ዓ.ም. ምርጫ ናና አኩፎ-አዶ በመጀመሪያው ዙር 49 ከመቶ አግኝተው ሲመሩ ቆዩ፤ በመለያው ግን ከ9 ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ ውስጥ በ40 ሺህ ገደማ ተሸነፉ። ውጤቱን ተቀበሉ። በቀጣዩ ምርጫ ሲሸነፉ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ ክርክሩ ወራት ፈጀ፤ ሲፈረድባቸው ለአሸናፊው ስልክ ደውለው እንኳን ደስ ያለዎት አሉ። በሦስተኛው ሙከራቸው በኅዳር 2009 ዓ.ም. አሸንፈው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

እነዚህ ሰዎች ከሌላው የተለየ ትዕግሥት ስለነበራቸው ብቻ አይመስለኝም። ቆጠራውን ወኪሎቻቸው አይተውታል፤ ስህተት ሲገኝ በአደባባይ ታርሟል፤ የሚሰማቸው አካል ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሌላ ምርጫ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ይህ በሌለበት ሽንፈትን ተቀበል ማለት ከባድ ነው። በእኛ አገር ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በውጤቱ ላይ በተነሳው ቀውስ ወደ 200 የሚጠጋ ሰው ሕይወት አልፏል። አንዳንዱ ቤተሰብ ዛሬም የምርጫ ወሬ ሲነሳ ድምፁን የሚቀንሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

በአገራችን ሕግ ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው ምርጫ ጣቢያው ላይ የእጩዎች ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ነው፤ ውጤቱም ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። ያችን ወረቀት ሄዶ ማንበብ የማንም ዜጋ መብት ነው። ድምፅ ሰጥተው ወደ ቤት ሲመለሱ ሥራዎ አላለቀም፤ በማግስቱ ወረቀቷን ጎራ ብለው ይመልከቱ። ከቻሉም ልጅዎን ይዘው ይሂዱ።

ከቤት ይጀምራል

ልጆቻችን ምርጫን የሚያውቁት ካርድ ሳያወጡ በፊት ነው። የክፍል አለቃ ይመርጣሉ። እኛም የእድር ዳኛ፣ የወላጅ ኮሚቴና የጋራ መኖሪያ ቤት ማኅበር አመራር እንመርጣለን። ብዙ ጊዜ ግን “እገሌ ይሁን” ተብሎ በጭብጨባ ያልቃል። በጭብጨባ የተሸነፈ ሰው በስንት እንደተሸነፈ አያውቅም፤ ስለዚህ ቅሬታውን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ቀላል ልማድ እንጀምር። በሚቀጥለው ስብሰባ ወረቀት ይታደል፤ ቆጠራው በሁሉም ፊት ይሁን፤ ከተሸናፊው ወገን አንድ ሰው ቆጣሪው አጠገብ ይቁም፤ ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ ማንም ሳይለምን ይደገም። ያሸነፈው ደግሞ ሌላውን ሥራ ያካፍለው፤ ግማሽ የሚሆነው ሰው እሱን ፈልጎ ነበርና።

ልጅዎም አንድ ቀን “በሁለት ድምፅ ተሸነፍኩ” ብሎ አኩርፎ ቢመጣ “አይዞህ፣ ምንም አይደለም” ብለው አይለፉት፤ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። መክሰሱን ያቅርቡለትና ማን እንደቆጠረ፣ ሲቆጠር ቆሞ አይቶ እንደሆነ ይጠይቁት። አይቶ ከሆነ ነገ ጠዋት አሸናፊውን እንኳን ደስ አለህ እንዲለው ይንገሩት። ካላየ ደግሞ ድጋሚ እንዲቆጠር መምህሩን በአክብሮት እንዴት እንደሚጠይቅ አብረው ይለማመዱ።