የአረቄው ትኩስ ውሃ የት ይደፋ?

ፋሲካ ሲቃረብ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ የጎዛምን ቀበሌዎች ጋን የማይታጠብበት ቤት ጥቂት ነው። ጠላ ይጠነሰሳል፤ ድፍድፍ ጥዳ አረቄ የምታወጣም አለች። ወሬው ሁሉ ስለ ጌሾው፣ ስለ ብቅሉና ስለ ማገዶው ዋጋ ነው። የሚተርፈው ትኩስ ውሃ ግን ማንም ሳያስበው ከደጃፍ ይደፋል። በሳምንቱ ጓሮው ላይ ሣሩ ክብ ክብ ሆኖ ይነጣል። አንዲት ጎረቤቴ «ሲስተር፣ ይኼ ነገር መድኃኒት አለው ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል።

ከዕቃ ማጠቢያው ይልቅ ብዙ ውሃ የሚወጣው ከአረቄው ማቀዝቀዣ ነው። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ወደ መቀበያው ሲገባ፣ መቀበያውን የከበበው ቀዝቃዛ ውሃ ሙቀቱን ይወስድለታል፤ እንፋሎቱም አረቄ ሆኖ ይጠራቀማል። ውሃው ሲግል ተደፍቶ በሌላ ይተካል። ይህም በአንድ ቀን ደጋግሞ ይሆናል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ለሣሩ ግን ልዩነት የለውም፤ የፈላ ውሃ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ለላይ የቀረበውን ሥርም ይቀቅለዋል። ጓሮ የተተከለው ጌሾም ግንዱ ሥር ደጋግሞ ከተደፋበት ይጎዳል። ለጠላው ብለን ተክለን በጠላው ዕቃ ማጠቢያ እንገድለዋለን ማለት ነው! ለጎረቤቴ የመለስኩት ይህን ነው፦ ሣሩ ሰርዶ ከሆነ አይቆፍሩት፤ ቀዝቃዛ ውሃ እያጠጡ ይጠብቁት፤ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። በድንጋይ ንጣፍ መካከል የበቀለ አረም ለማጥፋት ግን ያው የፈላ ውሃ ያለ ምንም ኬሚካል ያገለግላል። የፕላስቲክ ፍሳሽ ቱቦ ውስጥ አይድፉት፤ ቱቦው በሙቀት ይላላል።

ሳሙናና በረኪና ያልገባበት የማቀዝቀዣ ውሃ ከበረደ በኋላ ለጎመኑም ለጌሾውም ይሆናል። በበጋ ውሃ በጀሪካን ለሚቀዳበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አተላውም ሳይበርድ ሣር ላይ አይከመር፤ ለከብትም ትኩሱን አይስጡ።

እንግዲህ «ይብረድ» ብያለሁ። የእኔ ጭንቀት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሣር ዳግም ይበቅላል። በጤና ጣቢያ ባገለገልኩባቸው ዓመታት በበዓል ሰሞን ታቅፈው ከሚመጡ ሕፃናት መካከል እንዲበርድ መሬት ላይ በተተወ ሳፋ ውስጥ ወደ ኋላ የተቀመጡ ነበሩ። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በአምስት ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ስስ ነውና ከዚያም ባነሰ ጊዜ። በትልቅ በርሜል ያለ ውሃ ደግሞ ዳሩ ለብ ቢልም ውስጡ ረጅም ሰዓት ይፋጃል። በጣት ነክቶ «በርዷል» ማለት አያዋጣም።

ስለዚህ ውሃው የሚበርድበትን ቦታ ከምድጃው ጋር አብረው ያስቡ፤ ክዳን ያለው ዕቃ፣ በር የሚዘጋበት ጓዳ። ከቸኮሉ ቀዝቃዛውን አስቀድመው ትኩሱን በላዩ ይጨምሩ። ለአንድ እጅ የፈላ ሁለት እጅ ቀዝቃዛ ቢሆን ወደ 43 ዲግሪ ይወርዳል። ልጅ ለማጠብም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ ቀዝቃዛው ይቀድማል። ሌሊት በጨለማ ከደጅ አይድፉ፤ በባዶ እግሩ የሚያልፍ አይጠፋም። አያቶች ሆይ፣ የልጅ ልጅ ታቅፎ ድስት ማውረድም ይቅር።

ካቃጠለ ደግሞ ወዲያው ልብሱን አውልቁ፤ ከቆዳው የተጣበቀውን ግን አትጎትቱ። የተቃጠለውን ቦታ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ አፍስሱበት፤ በረዶ ግን አይሁን፤ የቀረው ሰውነቱ እንዳይበርደው ሸፍኑት። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባ፤ ሙቀቱን ያፍናል፤ ቁስሉንም ይበክላል፤ ለሐኪሙም ማየት ያስቸግራል። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ቃጠሎው ከልጁ ከራሱ መዳፍ ከበለጠ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ሀፍረተ ሥጋ ላይ ከሆነ፣ ትንሽም ቢመስል ውሃውን አፍስሳችሁ እንደጨረሳችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ በዓልም ቢሆን ተረኛ አይጠፋም።