ቮልስ፦ ድሮና ዘንድሮ

ስለ መኪና ዋጋ ጨዋታ ሲነሣ፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ቡና ከሚጠጡት አዛውንት አንዱ «በእኛ ጊዜ እኮ በአራት ሺህ ብር አዲስ ቮልስ ይገዛ ነበር» ማለታቸው አይቀርም። ወጣቶቹ ከንፈር ይመጥጣሉ። የአዛውንቱ ነገር ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ሂሳቡ ግን እስከ መጨረሻው አልተሠራም።

እስቲ እንሥራው። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ውስጥ የወጡት የቮልስዋገን ማስታወቂያዎች ዋጋዋን 1,565 ዶላር ይሉ ነበር። ያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በእኛ 2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ነበርና 3,900 ብር ገደማ ይመጣል። ይህ እንግዲህ ወደዚህ የሚያመጣት መርከብ፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ ነው። ከዚያ ብዙ ዓመታት በኋላ፣ በደርግ ዘመን እንኳ፣ በዲግሪ የተመረቀ ወጣት ደመወዙ በ500 ብር ይጀምር ነበር። ስለዚህ ያ ርካሽ የምንለው ዋጋ የተማረ ሰው እንኳ ሳይበላ ሳይጠጣ ስምንት ወር ካላጠራቀመ የማይደርስበት ነው። የወገራና የዳባት ገበሬማ ሂሳቡን መጀመርም አያስፈልገው።

ቮልስን በመንገድ የማያውቅ የለም፤ ከውስጥ የሚያውቃት ግን ጥቂት ነው። የፊቱን ኮፈን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ትርፍ ጎማና የቤንዚን ጋን ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ሁለት ሲሊንደር ወደ ግራ፣ ሁለት ወደ ቀኝ ተጋድመዋል። ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም። አንዲት ቺንጋ የምታዞረው ማራገቢያ አየር እየሳበ ሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋል። ውኃ የላትምና የሚፈላባት ነገር የለም፤ ከዛሪማ ሊማሊሞን ወደ ደባርቅ ሲወጣ ሌላው መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ጀሪካን ሲያፈላልግ እርሷ እያጉረመረመች ታልፋለች። የሞተሩ ክብደት በሚያንቀሳቅሷት የኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ጭቃውንም ትችለዋለች። ትወጣለች እንጂ አትፈጥንም፤ 34 የፈረስ ጉልበት ያለው የ1200 ሞተሯ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው የጎንደር ስስ አየር ከዚያም ይቀንሳል።

ቺንጋዋ የተበጠሰች እንደሆነ ግን ጉድ ፈላ። ማራገቢያው ቀጥ ይላል፣ የዲናሞው መብራት ይበራል፤ ያን ጊዜ «ትንሽ ልሂድ» ያለ ሾፌር ሞተሩን ያቃጥላል። የቮልስ ሰው መለዋወጫ ቺንጋ ሳይዝ ከከተማ የማይወጣው ለዚህ ነው። በአንዳንድ ሞዴሎቿ የፊት መስታወቱን የሚያጥበው ውኃ የሚረጨው በትርፍ ጎማው አየር ነው፤ መስታወት ማጠብ ያበዛ ሰው ጎማው ይጎድልበታል። የጥንቶቹ ደግሞ የቤንዚን መለኪያ እንኳ የላቸውም። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ሾፌሩ በእግሩ አንዲት መክፈቻ ገልብጦ በመጠባበቂያው ቤንዚን ማደያ ይፈልጋል።

ይህችን የመሰለች መኪና ለአሜሪካውያን እንዴት ተሸጠች? ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1959 የተረከበው የኒው ዮርኩ ዶይል ዴን በርንባክ የሚባል የማስታወቂያ ድርጅት ነበር። በጊዜው መኪና በትልቅነቷና በብልጭልጯ ነበር የምትሸጠው። እነርሱ ገጹን ባዶ ነጭ ትተው ጥግ ላይ ዝንብ የምታህል ቮልስ አስቀመጡ፤ ትንሽነቷን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ሙያ አወሩላት። በሌላው ማስታወቂያ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ የጣላትን መኪና አሳዩ። ጥፋቷ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከፊት መቀመጫው ትይዩ ያለችው የዕቃ ሣጥን ክሮም ተጭሮ መገኘቱ ብቻ። ቮልፍስቡርግ ፋብሪካ ውስጥ 3,389 ሰዎች ምርመራ ብቻ እንደሚሠሩም ጽሑፉ ይነግራል። እኔን የሚናፍቀኝ ዋጋው ሳይሆን ይህ ማስታወቂያ ነው። የዛሬው ደላላ «ዶክተር የያዛት»፣ «ሴት የነዳቻት» ሲል ይውላል፤ ጭረቷን ቀድሞ የሚነግርህ አንድ እንኳ አታገኝም።

ከዘመዶቿ መካከል ሀብታም ወጥቷል። ቮልስን የነደፉት የፈርዲናንድ ፖርሽ ልጅ ፌሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በቮልስ ዕቃዎች ላይ ተመሥርቶ 356 የተባለችውን የስፖርት መኪና ሠራ። ከእርሷ ወገን የሆነችው ስፒድስተር እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ስትቀርብ ዋጋዋ 2,995 ዶላር ነበር፤ ዛሬ በጨረታ በመቶ ሺዎች ዶላር ትሸጣለች። የድሮ ዋጋ ሲያዩ የሚቆጩት ፈረንጆችም ናቸው ለማለት ነው።

በእኛ አገር ግን ቮልስ በታሪክ መዝገብ የገባችው በዋጋዋ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ያወጣቸው በቮልስ ነው። በዓለም ውድ መኪኖች ይሄዱ የነበሩ ንጉሠ ነገሥት ስሟ «የሕዝብ መኪና» ማለት በሆነችው ቮልስ የኋላ መቀመጫ ተሸኙ።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑኤብላ ላይ፣ የመጨረሻዋ ስትወጣ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር። እዚህ ግን ዋጋዋ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ሽቅብ ነው። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ቮልስ እንግዲህ ያው ያለው ነው፤ የያዘ ሰውም በቀላሉ አይለቅም።

ለመግዛት ካሰባችሁ ቀለሙ አያታልላችሁ። የኋላ መቀመጫውን አንሡና ባትሪው የተቀመጠበትን ወለል በእጃችሁ ዳስሱ፤ አሲድ የሚፈስበትና ዝገት የሚጀምርበት ቦታ እርሱ ነው። ወለሉ ከተበሳ ሻጩ ስለ ሞተሩ የሚነግራችሁን ሁሉ ትታችሁ ስለ ብየዳው ዋጋ ተደራደሩ።