መርዙ የወጣለት ሻርክ

(ድምፅ፦ ነፋስ፣ የባሕር ሞገድ፣ የሚንኳኳ ሳንቃ)

ተራኪ፦ ሬዲዮ ሽታ አያስተላልፍም። ለዛሬው ዝግጅታችን አድማጭ ይህን እንደ ውለታ ሊቆጥረው ይገባል። ያለነው በምዕራብ አይስላንድ፣ ስናይፌልስኔስ በተባለው ባሕረ ገብ መሬት፣ ቢያርናርሆፍን በሚባል የእርሻ ቦታ ነው። ነፋስ እንዲያልፍበት ክፍተት በተተወለት የእንጨት ዳስ ውስጥ ትላልቅ የሥጋ ቁራጮች ተንጠልጥለዋል። ላያቸው ደርቆ ቡናማ ሆኗል። አገሬው ሃውካርል ይለዋል፤ የግሪንላንድ ሻርክ ሥጋ ነው።

ይህ ሥጋ ትኩስ ሳለ መርዝ ነው። ዩሪያና ትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ የተባሉ ውህዶች ታምቀውበታል። ትኩሱን የበላ ሰው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ውሾችም እንደዚያው።

ታዲያ ለምን ተበላ? ድሮ እዚህ አገር እህል እንደ ልብ አይበቅልም ነበር። ምግብ ማቆያ የሚሆነውን ጨው የባሕር ውሃ አፍልቶ ለማውጣት ማገዶ ያስፈልጋል፤ ዛፉ ደግሞ ተመናምኗል። ሻርኩ ይታደን የነበረው በተለይ ለጉበቱ ዘይት ነው፤ ዘይቱ የአውሮፓ ከተሞችን መንገዶች አብርቷል። ያን ሁሉ ሥጋ መጣል ግን ረሃብ ለሚያውቅ ሰው አይሆንለትም።

(ድምፅ፦ ጠጠር ላይ የሚወርድ አካፋ)

ጥንት ሥጋው ጠጠራማ አሸዋ ውስጥ ይቀበርና ድንጋይ ይጫንበት ነበር። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሲብላላ ፈሳሹ ተጨምቆ ይወጣል። ከዚያ ይቆራረጥና ለተጨማሪ ወራት ነፋስ ላይ ይሰቀላል። ዛሬ ጉድጓዱን ሣጥን ተክቶታል፤ ጥበቃው ግን አላጠረም።

እኛስ ጓያ አለን አይደል? ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ እሱ ይተርፋል፤ አዘውትሮ የበላውን ግን እግሩን ያሽመደምዳል። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል። ጓያ ዘፍዝፎ ውሃውን የደፋ ሰው ስለ ሃውካርል ብዙ ማብራሪያ አይሻም።

የቴሌቪዥን ተጓዦች ሌላ ነገር ፍለጋ ይመጣሉ። አሜሪካዊው አንቶኒ ቦርዴይን ከቀመሳቸው ሁሉ የከፋው ይህ እንደሆነ ተናግሯል። ካሜራው የሚጠብቀው የፊት መጨማደድን ነው፤ ወራቱን የሚቀርጽ የለም። አይስላንዳውያንም ቢሆኑ በየቀኑ አይበሉትም። ከጥር አጋማሽ ጀምሮ በሚከበረው ቶራብሎት በተባለው የክረምት ግብዣቸው ላይ ግን ከገበታው አይጠፋም።

አሁን ዓሣው የሚገኘው በአብዛኛው ለሌላ ዓሣ በተዘረጋ መረብ ሲያዝ ነው። ይህም መልካም ነው እንላለን፤ ምክንያቱም ፍጥረቱ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የ28 ሻርኮችን የዓይን ሌንስ በሬዲዮካርቦን መርምሮ የትልቋን ዕድሜ ወደ 392 ዓመት ገምቷል፤ ግምቱ በ120 ዓመት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ምናልባት ጎንደር ሳትቆረቆር የተወለደች ነበረች ማለት ነው። ለመራባት የሚደርሱትም በ150 ዓመት ገደማ ነው።

(ድምፅ፦ የብርጭቆ ኳኳታ፣ የእንግዶች ሳቅ)

እንግዳው ጋ የሚደርሰው በስንጥር የተወጋ ትንሽ ኩብ ነው። በመጀመሪያ የአሞኒያ ሽታ አፍንጫን ይመታል፤ ሲያላምጡት የበሰለ አይብ የመሰለ ጣዕም ይከተላል። ከሆዱ የተቆረጠው ቀላ ያለና የሚታኘክ ነው፤ ሌላው ነጭና ለስላሳ። ለጀማሪ ነጩን እንመክራለን። ብሬኒቪን የተባለው አረቄያቸው አብሮ ይቀርባል፤ እሱ ከጉርሻው በኋላ ይሁን።