ከሐይቁ በፊት ቦዩ

ወደ ላዳክ የሚሄድ ተጓዥ የሚይዘው የጉብኝት ዝርዝር ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም። ፓንጎንግ ሐይቅ፣ ካርዱንግ ላ የሚባለው የተራራ በር፣ በኑብራ ሸለቆ አሸዋ ላይ የሚሄዱት ባለ ሁለት ሻኛ ግመሎች፣ ከዚያም በመንገድ ላይ የሚገኙ ሁለት ሦስት ገዳማት። ዝርዝሩ አልተሳሳተም፤ ሁሉም ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ነገር ግን የእነዚህን ሁሉ ምስጢር የሚገልጠው አንድ ነገር ከዝርዝሩ ቀርቷል። እሱም በየመንደሩ ከገብስ ማሳ በላይ የሚያልፈው፣ ልጅ ሊዘለው የሚችል ጠባብ የውኃ ቦይ ነው። ላዳክን ማየት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ያንን ቦይ ሊያይ ይገባዋል እላለሁ። ሐይቁም፣ ተራራውም፣ ገዳሙም በደንብ የሚታዩት ከዚያ በኋላ ነው።

ላዳክ በሰሜን ሕንድ፣ በሂማላያና በካራኮራም ተራሮች መካከል የምትገኝ ከፍተኛ በረሃ ናት። ከ2019 ጀምሮ (እዚህ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከጃሙና ካሽሚር ተለይታ በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ትተዳደራለች። ትልቋ ከተማ ሌህ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ የሚመጣው ደመና ሂማላያን ሲወጣ ውኃውን በደቡቡ በኩል አራግፎ ይጨርሳል፤ ከተራራው ጀርባ ላለው አገር የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ሌህ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ በነሐሴ ወር ብቻ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ታገኛለች። ታላቁ የኢንዱስ ወንዝ በላዳክ መሐል ቢያልፍም አብዛኛው መንደር ከወንዙ በላይ፣ በየጎኑ በሚገቡ ትንንሽ ሸለቆዎች አፍ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሰዉ የሚኖረው ከሰማይ በሚወርድ ዝናብ ሳይሆን ከተራራው ጫፍ ቀልጦ በሚወርድ በረዶ ነው። ያ ውኃ ደግሞ በራሱ ማሳ ላይ አይደርስም። ሰው መርቶ ማምጣት አለበት።

ይህን በዓይን ለማየት ከባድ ምርምር አያስፈልግም። የትኛውም መንደር ዳር ቆሞ መመልከት ይበቃል። ተራራው ግራጫና ቡናማ ነው፤ አንድ ቅጠል አይታይበትም። ከዚያ ድንገት፣ በክር እንደተሰመረ፣ አረንጓዴው ይጀምራል። ገብስ፣ አተር፣ የአፕሪኮት ዛፎች፣ በየቦዩ ዳር የተተከሉ አኻያዎች። ያ መስመር ቦዩ ነው። ከቦዩ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ያለው መሬት በረሃ ነው፤ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ያለው እህል ነው። አፈሩ አንድ ዓይነት፣ ፀሐዩ አንድ ዓይነት ሆኖ ልዩነቱን የፈጠረው የሰው እጅ ብቻ ነው። በዓለም ላይ የሰው ልጅ ሥራ ከተፈጥሮ ጋር እንዲህ ጎን ለጎን ቆሞ የሚታይበት ቦታ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ቦዩ ደግሞ ብቻውን አይሠራም። ሌሊት የሚወርደው ውኃ እንዳይባክን የሚጠራቀምበት ኩሬ አለ፤ ዚንግ ይሉታል። ውኃውን ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍል ሰው አለ፤ ቹርፖን ይባላል። የእኛ አርሶ አደር ለዚህ ሰው አዲስ ቃል መፈለግ የለበትም፤ በአማራ ክልል ባህላዊ መስኖ ያላቸው መንደሮች እንዲህ ያለውን ሰው የውኃ አባት ይሉታል። ቹርፖኑ አካፋውን ይዞ ከማሳ ማሳ ይሄዳል። የአንዱ ተራ ሲያበቃ የቦዩን አፍ በድንጋይና በሣር ጓል ይደፍናል፤ የሚቀጥለውን ይከፍታል። ውኃው ለቅጽበት ያመነታ ይመስልና፣ ደረቁን አፈር እያረሰ፣ ገለባና ቅጠል ፊት ፊቱን እየገፋ ወደ አዲሱ ማሳ ይገባል። በቡድሂስቱ ሌህም ሆነ ብዙው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በካርጊል ኑሮው በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ከዚያ ውኃ የሚገኘው ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ከቅቤና ጨው ከገባበት ሻይ ጋር ተለውሶ ይበላል። በሶ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። በሁለት የተራራ አገሮች ገብስ ለስንቅ በአንድ ዓይነት መላ መዘጋጀቱ፣ ከፍታ ላይ ማገዶና ጊዜ መቆጠብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይናገራል።

ቦዩን ያየ ሰው ወደ ገዳማቱ ሲሄድ ሌላ ዓይን ይዞ ነው። ጎብኚዎች ቲክሴን ወይም ላማዩሩን ፎቶግራፍ ሲያነሡ የሚያስደንቃቸው ሕንፃዎቹ በዓለት ጫፍ ላይ መንጠልጠላቸው ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ከጠላት መከላከልም፣ ከዓለም መለየትም አለበት። ሆኖም ከታች የሚታየውን አረንጓዴ መሬት ስፋት ለተመለከተ ሰው ሌላም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ውኃ በሚደርስበት መሬት ላይ ቤት መሥራት እህል መቅበር ነው። የመንደሩም ቤት ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ድንጋያማው ጥግ ላይ ነው የሚሠራው።

አልቺ ከዚህ ልማድ ወጣ ትላለች። ገዳሟ ከኢንዱስ ዳር፣ ለጥ ባለ መሬት ላይ፣ በአፕሪኮት ዛፎች መካከል ናት፤ ከውጭ ለሚያያት ተራ የጭቃ ቤት ትመስላለች። ላዳክ ውስጥ አንድ ሕንፃ ብቻ የማየት ዕድል ያለው ሰው ቢኖር እኔ ሱምሴክ የሚባለውን የአልቺን ባለ ሦስት ፎቅ ቤተ መቅደስ እመርጥለታለሁ። ዕድሜው ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ነው። በሦስቱ ግድግዳዎች ጎድጓዳ ቦታዎች ውስጥ ከጭቃ የተሠሩ ሦስት ግዙፍ ምስሎች ቆመዋል፤ ምድር ቤቱ ስለማይበቃቸው ጭንቅላታቸው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ከሦስቱ የአንዱ፣ የርኅራኄው ቦዲሳትቫ (የቡድሂስቶች ቅዱስ አካል) የአቫሎኪቴሽቫራ ልብስ ላይ ጠጋ ብሎ ለተመለከተ፣ ከወገብ በታች ያለው ጨርቅ በሙሉ በትንንሽ ሥዕሎች ተሞልቷል፤ ቤተ መንግሥት አለ፣ ቤተ መቅደስ አለ፣ ፈረሰኛ አለ። የሥዕሉ ስልት የካሽሚር ነው። በካሽሚር ሸለቆ ራሱ ያ የቡድሂስት ሥዕል ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ እዚህ የተረፈው የአገሩ ደረቅነት ስለጠበቀው ነው። ገበሬውን የሚያስጨንቀው ድርቀት ለሠዓሊው ሥራ ጠባቂ ሆነ። ዛሬ ደግሞ ዝናቡ ሲለወጥ፣ ዝናብን ታሳቢ ሳያደርጉ የተሠሩት ጠፍጣፋ የጭቃ ጣራዎች ማፍሰስ ጀምረዋል፤ እርጥበቱም ሥዕሎቹን ይፈታተናል። በነሐሴ 2010 በአንድ ሌሊት የጣለ ድንገተኛ ዶፍ በሌህና በአካባቢዋ ጎርፍ አስነሥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ውኃ እዚያ አገር ሲቀርም ሲበዛም የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ፓንጎንግም በዚህ ዓይን ሲታይ ይለወጣል። ሐይቁ 4,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ነው፤ ትልቁ ክፍሉ በቻይና በኩል ሲሆን ሕንድ የያዘችው አንድ ሦስተኛውን ያህል ነው። በ2009 የወጣው ‹ሥሪ ኢዲየትስ› የተባለው የሕንድ ፊልም የመጨረሻ ትዕይንት እዚያ ከተቀረጸ ወዲህ የአገሬው ጎብኚ ወደ ሐይቁ ይጎርፋል። ሰማያዊነቱ እውነትም ልብ ይሰርቃል። ነገር ግን መውጫ ስለሌለው ጨዋማ ነው፤ ያ ሁሉ ውኃ ተዘርግቶ ሳለ አንድ ማሳ አያጠጣም። የሌህ ገበሬ በአካፋ የሚቆጥረውን ውኃ ያየ ተጓዥ በፓንጎንግ ዳር ሲቆም ውበቱ አይቀንስበትም፤ የሚጨመርበት ነገር አለ እንጂ።

እዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ተጓዡ ያለው አምስት ወይም ስድስት ቀን ነው፤ ገንዘቡን ከፍሎ ከሩቅ የመጣው ሐይቅና ተራራ ሊያይ ነው፤ የመስኖ ቦይ እቤቱም አለ። የጊዜውን ነገር ብቻ ብናነሣ፣ መልሱን የሚሰጠው ሰውነት ራሱ ነው። በአውሮፕላን ሌህ የደረሰ ሰው ቢያንስ ሁለት ቀን ሳይረጋጋ ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት የለበትም፤ ከፍታው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም በሳንባና በአንጎል ውኃ መቋጠር ያመጣል፤ ይገድላልም። ካርዱንግ ላ ላይ ለዓመታት ተተክሎ የቆየው ሰሌዳ 5,602 ሜትር ይል ነበር፤ ትክክለኛው ልኬት 5,359 ሜትር ገደማ ነው። ያም ቢሆን ከራስ ዳሽን በ800 ሜትር ይበልጣል፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ግማሽ ያህል ነው። በ2,300 ሜትር የኖረ የአዲስ አበባ ሰውም ደገኛ ነኝ ብሎ መዘናጋት የለበትም። ሳይንቲስቶች የቲቤት ደገኞችንና የኢትዮጵያ ደገኞችን አነጻጽረው፣ ሁለቱ ሕዝቦች ቀጭኑን አየር የተላመዱት በተለያየ መንገድ መሆኑን አግኝተዋል፤ ግን መላመዱ በዚያው ከፍታ ለኖረው ነው እንጂ በአንድ ቀን ለሚወጣው አይደለም። እንግዲህ እነዚያ ሁለት የዕረፍት ቀናት የግድ ናቸው። በሆቴል አልጋ ላይ ከማሳለፍ በዝግታ በመንደር ማሳዎች መካከል መሄድ፣ ወደ አልቺም በዚያው ከፍታ በመኪና ደርሶ መመለስ ይቻላል። ሐይቁን የሚሻማ ነገር የለም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ያሳስበኛል። የገበሬን ድካም እንደ ትርኢት ማየት ተገቢ ነው ወይ? የመንደሩ ወጣት ራሱ አካፋውን ጥሎ ወደ ሌህ እየሄደ፣ በሆቴልና በታክሲ ሥራ የተሻለ እያገኘ፣ እንግዳው የቦዩን ውበት ሲያደንቅ የማይገባ አይሆንም? ቱሪዝም ለላዳክ ገቢ ማምጣቱን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ገቢው የሚመጣበትን መንገድ እንመልከት። ላዳክ ለውጭ ጎብኚ የተከፈተችው በ1974 ነው፤ በዚያ ዓመት የመጣው ጥቂት መቶ ሰው ነበር። በ2022 የጎብኚው ቁጥር ከ500 ሺህ በላይ ሆነ። በ2011 በተደረገው ቆጠራ የግዛቲቱ ነዋሪ በሙሉ 274 ሺህ ገደማ ነበር። ከነዋሪው በላይ የሆነ እንግዳ በጥቂት የበጋ ወራት ውስጥ ይመጣል፤ ሻወር ይወስዳል፣ የመጸዳጃ ውኃ ይለቅቃል፣ ሆቴሎቹም ይህን ለማሟላት መሬቱን እየቆፈሩ በፓምፕ ይስባሉ። የላዳክ ባህላዊ መጸዳጃ ግን ጠብታ ውኃ አይጠይቅም። ላይኛው ፎቅ ላይ ቀዳዳ አለ፤ አፈርና አመድ ይደፋበታል፤ ታች የተጠራቀመው ሲብላላ ማዳበሪያ ሆኖ ወደ ማሳ ይወጣል። ቦዩን ሳያይ የሄደ እንግዳ ይህን መጸዳጃ የድህነት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። ቦዩን ያየ ግን ለምን እንደተሠራ ይገባዋል፤ ሆቴል ሲመርጥም ይህን ያስባል። በሄሚስ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ያሉ መንደሮች እንግዳን በቤታቸው በማሳደር ገቢ ያገኛሉ፤ በጎችንና ፍየሎችን የሚበላባቸውን የበረዶ ነብር በጠላትነት ብቻ ማየታቸውን የተዉት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ገንዘቡ የሚገባው ብዙ ጊዜ በባለቤቲቱ እጅ ነው። እንዲህ ያለው እንግዳ ድካምን እንደ ትርኢት አያይም፤ የሚበላው በሶ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ያውቃል።

በብርዱ ወራት የሚሄድ ተጓዥ ደግሞ ሌላ የሚታይ ነገር ያገኛል። የላዳክ ገበሬ ትልቁ ችግር የውኃው ማነስ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ዘር የሚዘራው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ከከፍተኛው ተራራ በረዶው በብዛት የሚቀልጠው ግን በሰኔና በሐምሌ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ የጭንቅ ነው፤ የበረዶ ግግሩ እየሸሸ ሲሄድም ይበልጥ ይከብዳል። ቼዋንግ ኖርፌል የተባሉ የላዳክ መሐንዲስ በብርዱ ወራት ከንቱ የሚፈሰውን ውኃ በሸለቆ ጥላ ውስጥ በእርከን እያስቆሙ እንዲረጋ በማድረግ ሰው ሠራሽ የበረዶ ግግር ሠሩ፤ መንግሥትም በ2015 ፓድማ ሽሪ የተባለውን ሽልማት ሰጣቸው። ሌላው የላዳክ መሐንዲስ ሶናም ዋንግቹክ ሐሳቡን ወደ ዝቅተኛው መንደር አወረደው። ውኃው ከላይ በቱቦ ይመጣል፤ ሲወርድ ባገኘው ጉልበት፣ ያለ ፓምፕ፣ በቆመ ቧንቧ ወደ ላይ ይወጣና በሌሊቱ ብርድ አየር ላይ ይረጫል፤ ሲወድቅ ይረጋል። ሌሊት ከሌሊት እየተደራረበ የሾጣጣ ግንብ ቅርጽ ይይዛል። ቅርጹ ለውበት አይደለም፤ ሾጣጣ ነገር ከያዘው ውኃ አንጻር ለፀሐይ የሚያጋልጠው ገጽ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ አይቀልጥም። በቡድሂስቶች መታሰቢያ ሐውልት ስም የበረዶ ስቱፓ ተብሏል። በ2014 መጀመሪያ የቆመው የሙከራ ግንብ 6 ሜትር ገደማ ቁመት ነበረው፤ እስከ ግንቦትም ቆየ። ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ከ20 ሜትር ያልፋሉ።

ይህ የተራራውን በረዶ አይመልስም፤ ሠሪዎቹም እንደዚያ አላሉም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ በጥር የፈሰሰውን ውኃ እስከ ሚያዝያ ማቆየት። ቀኑ ሲሞቅ ግንቡ ከጎኑ መንጠባጠብ ይጀምራል። ጠብታው ተጠራቅሞ በቀጭን ጅረት ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያም ልጅ ሊዘለው ወደሚችለው ቦይ ይገባል። ማሳው ታርሶ ይጠብቃል። ቹርፖኑ ጎንበስ ብሎ ጓሉን ያነሣል።